ምስክሩን ሳያጠፉ ማጽዳት

በላቦራቶሪ ካለው ዕቃ ሁሉ እንግዳ የሚያደንቀው ማይክሮስኮፑን ነው። ዓይኑን መነጽሩ ላይ አድርጎ ያያል፤ ተደንቆም ይሄዳል። ናሙናው እዚያ መነጽር ሥር ከመድረሱ በፊት ስንት ቀን እንደ ተነከረ፣ እንደ ታጠበና እንደ ተጣራ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። የእኔ የዕለት ሥራ ይኸው ያልተጠየቀው ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ጥቂት ላጫውታችሁ።

የምንፈልገው ደቃቅ ፕላስቲክ ነው፤ ይኸውም ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ስብርባሪ ወይም ክር ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ቶምሰንና ባልደረቦቹ በባሕር ዳርቻ አሸዋና ደለል ውስጥ ይህን ማግኘታቸውን በ2004 እ.ኤ.አ. ካሳተሙ ወዲህ ነገሩ የብዙ ሊቃውንት ሥራ ሆነ። ባገራችንም በዝዋይ ሐይቅ ደለልና በአራት ዓይነት ዓሦች ላይ የተደረገ ጥናት በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሞ፣ ፕላስቲክ በደለሉም በዓሣውም ሆድ መኖሩን አሳይቷል።

ታዲያ ከዓሣ ሆድ ውስጥ ከጤፍ ፍሬ የሚያንስ ክር እንዴት ይወጣል? ሥጋውና ስቡ ይሸፍነዋል። ሥጋውን አጥፍቶ ፕላስቲኩን ማስቀረት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው «ፕላስቲክ መቶ ዓመት አይበሰብስም ይባል የለም? ምን ይነካዋል?» ይላል። ዳሩ ግን በአፈር ውስጥ የማይበሰብሰው ሁሉ በአሲድ ፊት አይቆምም።

አንድ ጊዜ ሪፖርት በቶሎ የሚፈልጉ አንድ አለቃ ወደ ክፍላችን መጡ። «አንተ ልጅ፣ ይህ የዓሣ ሆድ አራት ቀን ሙሉ እዚህ ምን ያደርጋል? ጠንካራ አሲድ ጨምርበትና ዓርብ ጨርሰህ አምጣው» አሉኝ። ክርክር አልገጠምሁም። ከዓሣ መረብ ላይ አንድ የናይለን ክር ቆርጬ፣ ጭስ በሚስበው ሣጥን ውስጥ በሞቀ ናይትሪክ አሲድ ላይ ጣልሁት። «ጋሼ፣ ጥቂት ይታገሡ» አልኋቸው። ክሩ ለሰለሰ፤ ቀጠለና ከዓይናችን ጠፋ። አሲዱ እንደ ቀድሞው ጥርት ብሎ ቀረ።

የዓሣ መረብ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከናይለን ነው። እንግዲህ በሐይቁ ውስጥ ይገኛል ብለን የምንጠብቀውን ክር ራሳችን አሟሙተን፣ ማጣሪያው ንጹሕ ሲሆን «ዓሣው ደኅና ነው» ብለን ልንጽፍ ነበር ማለት ነው። አለቃዬ ዝም ብለው ቆዩና «ይህስ ዳኛ አይደለም፤ የሌባ ተባባሪ ነው» ብለው ወጡ። ዓርቡም ወደሚቀጥለው ሳምንት ተዛወረ።

ስለዚህ ለዓሣ ሆድ የምንመርጠው በመቶ 10 የሆነ የፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ውሃ ነው። እናቶቻችን በአመድ ውሃና በሞራ ሳሙና እንደሚሠሩ ሁሉ፣ ይህም ስቡን ሳሙና አድርጎ ሥጋውን ያሟሟዋል። ሙቀቱን 40 ዲግሪ ላይ ይዞ ለቀናት መጠበቅ ነው። ለማፋጠን ብሎ ሙቀቱን ከ60 በላይ ያወጣ ሰው ግን የልብስ ክር የሆነውን ፖሊስተር ይጎዳል።

ለደለልና ለተክል ቅሬታ ደግሞ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን ከጥቂት የብረት ሰልፌት ጋር እንጠቀማለን። ይህ ድብልቅ ራሱን በራሱ ያሞቃል፤ ዝም ቢሉት ይፈላል። ስለዚህ ብርጭቆውን በበረዶ ውሃ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ፣ ቴርሞሜትሩን እያዩ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ያሻል። በማድረቂያ ምድጃም እንዲሁ ነው፤ ፖሊቪኒል ክሎራይድ የተባለው የቧንቧ ፕላስቲክ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ መለስለስ ይጀምራል።

ጉዳት ሁልጊዜ በማሟሟት ብቻ አይመጣም። የደረቀ ጭቃ በሙቀጫ ቢወቀጥ አንዱ ስብርባሪ አሥር ይሆናል። አሲዱ ቁጥሩን ሲቀንስ ሙቀጫው ያበዛዋል፤ ሁለቱም ውሸት ነው። ጭቃውን በውሃ አርሶ በትዕግሥት ማላላት፣ ከዚያም በወንፊት ላይ በቀስታ ማጠብ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ ፕላስቲኩን ከአሸዋው በማንሳፈፍ እንለያለን። የገበታ ጨው እስኪጠግብ የተጨመረበት ውሃ በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.2 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን በዚህ ላይ ይንሳፈፋል። የውሃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፖሊስተር ግን 1.38 ያህል ስለሚመዝን ከአሸዋው ጋር ይሰጥማል። እርሱን ለማንሳት እንደ ዚንክ ክሎራይድ ያለ ከ1.5 በላይ የሚመዝን ከባድ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ይህ ፈሳሽ ለውሃ ፍጥረት መርዝ ስለ ሆነ ተጣርቶ እንደ ገና ይሠራበታል እንጂ በቧንቧ አይደፋም።

እጃችን መታመኑን በምን እናውቃለን? በሁለት ነገር። አንደኛው፣ ዓይነታቸውና ቁጥራቸው የታወቀ ባለ ቀለም ቅንጣቶች ከናሙናው ጋር ቀላቅሎ በዚያው መንገድ ማሳለፍ ነው። ለምሳሌ 20 ገብተው 18 ቢመለሱ፣ ሁለቱ መጥፋታቸው በሪፖርቱ ይጻፋል። ሁለተኛው፣ ምንም ናሙና የሌለበትን የተጣራ ውሃ እንደ ናሙና አድርጎ መሥራት ነው። በዚህ ውሃ ላይ ክር ከተገኘ የመጣው ከሐይቁ ሳይሆን ከእኛው ልብስ ወይም ከአየሩ ነው። ስለዚህ ጥጥ ካፖርት እንለብሳለን፤ ዕቃችንም በተቻለ መጠን ብርጭቆና ብረት ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በእኛ ሥራ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። የሟሟ ክር አይመለስም፤ መጥፋቱንም የሚናገር የለም። ነገ በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት ተቀምጣችሁ የሐይቅና የወንዝ ሪፖርት የምትቀበሉ ወጣቶች ሆይ፤ ሪፖርቱ በእጃችሁ ሲገባ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አትዩ። ናሙናው በምን ታጠበ? በስንት ዲግሪ? ከገቡት የታወቁ ቅንጣቶችስ ስንቱ ተመለሱ? ብላችሁ ጠይቁ። መልስ የሌለው ሪፖርት ዓርብ በሰዓቱ ቢደርስም፣ በዚያ ሐይቅ ዓሣ ለሚበላው ሰው አይጠቅመውም።