የተደበቀው ጣሳ

የካቲት 23 የአድዋ ድል በዓል ነው። ድሉ የተገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው። እኛ የቡልቡላ ሰዎች በዓሉን ወንዝ ዳር አከበርን። ወንዛችን ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አቢጃታ ይወርዳል።

ቡና ተፈላ። ቆሎ ቀረበ። ከዚያ ጨዋታ አመጣን። አንድ ጣሳ ደበቅን። ያለበትንም ቦታ በወረቀት ጻፍን። ጨዋታው በአሜሪካ በ1992 ዓ.ም. ተጀመረ። እዚያ ዕቃውን የሚፈልጉት በሳተላይት በሚመራ መሣሪያ ነው። እኛን የመራን ግራርና ድንጋይ ነው። ይኼ ይሻላል እላለሁ፤ ግራር ባትሪ አይጨርስም!

ወረቀቱ ለአንዲት አዴ ደረሳቸው። ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነው። የልጅ ልጃቸው «ላንብብልዎ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ተው! ለእኔ ነው የተሰጠኝ» አሉት።

ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር አስኬዱ። «ከ... ትል... ቁ... ግራር። 20 እርምጃ... ወደ ወንዙ።» ሰው ሁሉ ዝም አለ። ልጆቹ ሊሮጡ ሲሉ ያዝናቸው።

አዴ እርምጃውን ራሳቸው ቆጠሩ። ድንጋዩን አነሡ። ጣሳው እዚያ ነበር። ውስጡ ደብተርና እርሳስ አለ። ጣሳውን ያገኘ ሰው ስሙን ይጽፋል።

አዴ መሬት ላይ ተቀመጡ። ስማቸውን ጻፉ። ቀጥለው የአባታቸውን ስም ጻፉ። ቶናው ቀዝቅዞ ጠበቃቸው።