ከዓሣው ላይ ሳትነጩት

የከፋው ማንኪራ ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ እናት ቡና ነው። አይበዛበትም። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ከከፋ ጫካ ሥር ተነስቶ በጎጀብ ወንዝ በኩል ኦሞ ወንዝ ስለሚገባው ውሃ፣ ይልቁንም እዚያ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ቆዳ ላይ ሊንጠለጠል ስለሚችል ነገር ነው።

ዓሣ ያረባ ሰው ሳያውቀው አይቀርም። ከክንፉ ሥር የቀላ ቁስል፣ ከቁስሉ መሃል የወጣ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ክር፣ ክሩ ጫፍ ላይ ሁለት የእንቁላል ከረጢት። ያየው ሁሉ «ትል» ይለዋል። ቡናችንን እ.ኤ.አ. በ1753 በሳይንሳዊ ስሙ ለዓረብ የሰጠው የፍጥረታት ስም አውጪ ሊኒየስም በ1758 ከትሎች መደብ ነው የጨመረው። ትል ግን አይደለም፤ ሌርኒያ የሚባል ኮፔፖድ፣ የሸርጣን የሩቅ ዘመድ ነው። (ጋምቤላ ውስጥ የጊኒ ዎርምን እጭ ተሸክሞ ከሚጠጣ ውሃ ጋር ሰው ሆድ የሚገባውም ኮፔፖድ ነው።)

ሌርኒያ በልጅነቷ ዋናተኛ ናት። ከተራከቡ በኋላ ወንዱ ይሞታል፤ ሴቷ ጭንቅላቷን ዓሣው ሥጋ ውስጥ ቀብራ ትረዝማለች፣ መልሕቅ የመሰለ ቅርንጫፍም ታበቅላለች። ገላዋ ሲለጠጥ የመዋኛ እግሮቿ እንደ ድሮው ደቃቃ ሆነው ይቀራሉ። ማይክሮስኮፕ ሥር ማንነቷን የሚያሳብቁባት እነሱ ናቸው።

ጣጣው ያለው መልሕቁ ላይ ነው። ዝርያዎቹ በአብዛኛው በእሱ ቅርፅ ሲለዩ ኖረዋል፤ ቅርንጫፉ ግን አጥንት ሲገጥመው ይጣመማል፣ ለስላሳ ሥጋ ሲያገኝ ይንሰራፋል። ስለዚህ አንዲት ዝርያ ሁለት ዓሣ ላይ ሁለት መልክ ትይዛለች። ዲኤንኤ እዚህ ላይ ይገላግላል። ብቻውን ግን አላምነውም፤ የሚነጻጸርበት መዝገብ ላይ የዝርያው ስም ተሳስቶ ከገባ ስህተቱን ተሸክሞ ይዞራል። አካሉን ያየ ዓይንና ዘረመሉን ያነበበ መሣሪያ አብረው መመስከር አለባቸው።

የጎጀብ ነጭ ዓሦች (ላቤዎባርበስ) ዘረመል ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ እዚያው ወንዝ ውስጥ በአፍና በአመጋገብ የተለያዩ ዓሦች አሉ። ለአስተናጋጁ ይህን ያህል ከተለፋ ተንጠላጣዩም ተራ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ለባዮሎጂ ተማሪዎች፦ በወረንጦ ጎትታችሁ አትንጩት፤ ዋናው መለያ ጭንቅላቱ ሥጋው ውስጥ ተቆርጦ ይቀራል። ዙሪያውን ከነሥጋው ቁረጡና በ96 በመቶ አልኮል አስቀምጡት። ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሻል። ለዘረመል የእንቁላል ከረጢቱ ይበቃል፤ ገላው ለማይክሮስኮፕ ይቆይ።

ለዓሣ አርቢዎች ደግሞ፦ ይህ ጥገኛ ከኩሬ ኩሬ የሚጓዘው በአብዛኛው ከሰው ጋር ነው። የገዛችሁትን የዓሣ ጫጩት በቀጥታ ኩሬ አትጨምሩ፤ ለብቻው አቆዩት፣ ቆዳውንም ስንጥቡንም አገላብጣችሁ እዩ። ያመጣችሁበትንም ውሃ ወንዝ ውስጥ አትድፉት።