አንድ ጫማ በእጅ

ክረምት ሲገባ ራጅ ክፍል በር ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አንድ እግሩን ተጫምቶ ሌላውን ጫማ በእጁ የያዘ ሰው አይታጣም። አንዱን ያዳለጠው ደረጃ ነው፤ ሌላዋ ከታክሲ ስትወርድ ጉድጓዱን አላየችውም፤ ጎረምሳውን ኳስ ጥሎታል። የማይተዋወቁ ሰዎች «ምን ሆነሽ ነው?» ይባባላሉ። «ወለም ብሎኝ።» «እግዜር ይማርሽ።» ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል፤ አንዱ በሙቅ ውሃና በጨው ዘፍዝፊው ይላል፣ ሌላው እጁ የተባረከ ወጌሻ ያውቃል። ይህን ወንበር እወደዋለሁ፤ ብቻውን የሚታመም ሰው የለበትም።

አንድ ቀን በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው የገቡ እናት በሩ ከመዘጋቱ በፊት «ልጄ፣ ያማል እንዴ?» ሲሉ ሰማሁ። «አያምም እማማ፣ ፎቶ ነው። እግርዎን ብቻ አያንቀሳቅሱብኝ» አላቸው ባለሙያው። ልክ ነው፤ ጨረሩ ጨርሶ አይሰማም። የሚያምመው ያበጠውን እግር ወዲህና ወዲያ ማዞሩ ነው። ስለዚህ ሕመሙ የበረታበት ሰው ቀድሞ ማስታገሻ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ለቁርጭምጭሚት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሦስት ፎቶ ነው፤ ከፊት፣ ከጎን፣ አንዱ ደግሞ እግሩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ ዞሮ። እኔን የሚደንቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ከጉልበት በታች ያሉት ሁለቱ አጥንቶች፣ ወፍራሙና ቀጭኑ፣ ከተረከዝ በላይ ያለችውን አጥንት አናጢ እንጨትን በእንጨት እንደሚሰካው ከላይና ከግራ ቀኝ አቅፈዋታል። ፊት ለፊት ሲነሳ ቀጭኑ አጥንት ይደረብና መገጣጠሚያውን በከፊል ይሸፍነዋል። እግሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲዞር ግን በአጥንቶቹ መካከል ያለችው ቀጭን ክፍተት ዙሪያዋን ወለል ብላ ትታያለች። ጤነኛ ከሆነ ክፍተቷ እኩል ናት። አንድ ጎኗ ከሰፋ፣ የተሰበረ አጥንት ባይታይ እንኳ፣ አጥንቶቹን የሚያስተሳስረው ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። የሰው መራመድ አለመራመድ በዚያች በሚሊ ሜትር በምትለካ ክፍተት ላይ ነው።

ፊልሙ ጥግ ላይ ቀኝ ወይም ግራ እግር መሆኑን የምትናገር ትንሽ ምልክት አለች። ብዙ ጊዜ የምትሠራው ከእርሳስ ነው፤ እርሳስ ጨረር ስለማያሳልፍ ነጭ ሆና ትወጣለች። አልቦ ያደረገች ሴትም አውልቂ የምትባለው ለዚሁ ነው፤ ብረት አጥንቱን ይጋርዳል። ራጅን ያገኘው ሮንትገን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1895 የባለቤቱን እጅ ሲያነሳ ቀለበቷ ከጣቷ አጥንት ላይ ጎልታ ወጥታ ነበር።

ጨረሩን የሚፈሩ አሉ። ለቁርጭምጭሚት የሚሰጠው መጠን ሁላችንም በአንድ ቀን ከመሬትና ከሰማይ ከምናገኘው የተፈጥሮ ጨረር ያነሰ ነው። ያም ሆኖ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ወይም ልሆን እችላለሁ ብላ የምትጠረጥር፣ ቀድማ ትናገር።

ራጅ የማያሳየውም አለ። የተበጠሰ ጅማት ራሱ አይታይም፤ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በመጀመሪያው ፊልም ላይ ልትሰወር ትችላለች። ሕመሙ አልለቅ ካለ ሐኪሙ ከሳምንት በኋላ ድገም የሚለው ለዚህ ነው። በልጆች ፊልም ላይ ደግሞ አጥንቱ የሚያድግበት ቦታ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል፤ ስብራት መስሏቸው የሚደነግጡ ወላጆች ብዙ ናቸው።

ወለም ያለው ሁሉ ራጅ ያስፈልገዋል ማለት ግን አይደለም። የካናዳዋ ኦታዋ ከተማ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጡት መመሪያ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። እያነከሰም ቢሆን፣ በተጎዳበት ቦታም ሐኪም ፊትም አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ሰው፣ ወይም ከሁለቱ የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች በአንዱ የኋላ ጠርዝ ላይ፣ ከጫፉ ጀምሮ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ባለው ቦታ፣ አጥንቱን ሲጫኑት የሚያምመው ሰው ይነሳ ይላል። የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘው ሰው ግን «አላመመኝም» ብሎ መዘናጋት የለበትም።

ወጌሻን አልንቅም፤ ሐኪም ባልነበረበት ዘመን አገር የታከመው በእነሱ እጅ ነው። የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ግን ከቦታው ይሸሻል፤ በቀርከሃ ጠብቆ ሲታሰር ደም ይቋረጣል። ሊተርፍ ይችል የነበረ እግር በዚህ ምክንያት የተቆረጠባቸው፣ አብዛኞቹ ልጆችና ወጣቶች የሆኑ፣ ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው፤ ጄሶ ወይም ማሰሪያ ከተደረገ በኋላም ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ተመለሱ።