የአክስታችን ድምፅና የኮምፒዩተሩ ክራር

አንድ ሰው በመኝታ ቤቱ ተቀምጦ ክራሩንም፣ ከበሮውንም፣ ዋሽንቱንም ብቻውን ሊያሰማ ይችላል ቢባል አባቶቻችን እንደ ተረት በቈጠሩት ነበር። ዛሬ ግን በወልድያ ከተማ በምንኖርባት ክፍል አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ትንሽ ኪቦርድና አንድ ማይክሮፎን ይዘን እኛም ከዚሁ ሥራ ገብተናል። ክራራችን በእንጨትና በጅማት የተሠራ አይደለም፤ ድምፁ ከእውነተኛ ክራር አንድ በአንድ ተቀርጾ በሶፍትዌር የተሰናዳ ነው። ኪቦርዱን ስንነካ ኮምፒዩተሩ ያንን ድምፅ ፈልጎና አሰናድቶ ወደ ጆሮአችን ይልከዋል።

ወደዚህ ሥራ የገባነው ስለ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመርሳ የሚኖሩ አክስት አሉን፤ በወጣትነታቸው ሠርግ በተደገሰበት ሁሉ እየተጠሩ ያዜሙ ነበር። ድምፃቸውን የያዙት ካሴቶች፣ ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወደ ወልድያና ወደ መርሳ በደረሰ ጊዜ ጠፉ፤ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ነገሩ ከበረደ በኋላ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ ካሴቱ ቀርቶ ቴፑ የተቀመጠበት ጠረጴዛም አልነበረም። ስለዚህ ዕድሜአቸው ሳይገፋ በአምባሰል ቅኝት የሚያዜሙትን እንቅረጽ ብለን ተነሣን። አምባሰል ከሀብሩ በስተደቡብ ያለ አገር ነውና፣ ለሌላው ሰው የቅኝት ስም የሆነው ነገር ለእርሳቸው የጎረቤት ስም ነው።

ከወልድያ እስከ መርሳ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሄደን፣ ቀርጸን ተመለስን። ከድምፃቸው ሥር ክራር፣ ባስና ከበሮ እየጨመርን በሄድን ቍጥር ግን እንደሚቆላ ገብስ የሚንጣጣ ነገር ገባበት። መጀመሪያ ሽቦውን ወቀስን፤ ለወጥነው፤ ምንም አልተሻለም። የጆሮ ማዳመጫ ተዋስን፤ ያው ነው። በመጨረሻ «ድምፃቸው ሲቀረጽ ተበላሽቷል» ብለን ፈረድን፤ ድምፁን ለብቻው እንኳ ሳናዳምጥ፣ ቦታ ይይዛል ብለን አጠፋነው። አንባቢ ይፍረደን።

ሁለተኛ ሄድን። አክስታችን ሦስት ጊዜ ደጋግመው አዜሙልን። ክራሩንና ከበሮውን ጨምረን፣ ላፕቶፑን ይዘን እናሰማቸው ዘንድ ሦስተኛ ስንሄድ ከበፊቱ ይልቅ ተንጣጣ። አንገታቸውን ደፍተው ከሰሙ በኋላ «ልጄ፣ ዕቃህን አትውቀስ፤ የተሰነጠቀው የኔ ጕሮሮ ነው» አሉን። ዝም አልን። ዝም ያልነውም እኛም በልባችን ይህንኑ መጠርጠር ጀምረን ስለ ነበር ነው።

እውነቱን የገለጠልን የመብራት መጥፋት ነው። አንድ ማታ በሥራ ላይ ሳለን መብራት ጠፋ፤ ላፕቶፑ በባትሪ ሲቀጥል መንጣጣቱ እጥፍ ሆነ። መብራቱ ሲመለስ ቀነሰ። የአክስታችንን ጕሮሮ ከመብራት ጋር ምን ያገናኘዋል? ያን ጊዜ መሣሪያዎቹን ሁሉ ዝም አሰኝተን ድምፃቸውን ለብቻው ሰማነው፤ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ድምፅ ሲያሰማ በአንድ ሰከንድ 44,100 ቍጥሮችን ማቅረብ አለበት። እነዚህንም «በፈር» በሚባል ማቈያ እየሞላ በየተራ ይሰጣል። ሠርግ ቤትን ማሰብ ይበቃል። ጋጋሪዋ እንጀራ ታወጣለች፤ አሳላፊው በመሶብ ይወስዳል። መሶቡ ትንሽ ከሆነ የመጀመሪያው እንግዳ ቶሎ ይቀርብለታል፤ ምጣዱ ጥቂት ቢዘገይ ግን ገበታው ባዶ ይሆናል። መሶቡ ትልቅ ከሆነ ገበታው አይጐድልም፤ ነገር ግን መሶቡ እስኪሞላ እንግዳው ይጠብቃል። የእኛ በፈር 128 ላይ ነበር፤ ይህም 3 ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ በዚያች ቅጽበት የመሣሪያዎቹን ሁሉ ሂሳብ መጨረስ ሲያቅተው፣ ገበታው ባዶ የሆነበት ጊዜ ሁሉ በጆሮአችን ተንጣጣ። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ኃይል ለመቈጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲግልም እንዲሁ ያደርጋል። መርሳ ከወልድያ ይልቅ ሞቃት ናትና፣ በአክስታችን ፊት ለምን እንደ ባሰበት ገባን።

በፈሩን ወደ 1,024 ከፍ አደረግነው፤ መንጣጣቱ ቆመ። ነገር ግን ድምፁ 23 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚዘገይ፣ ኪቦርዱን አሁን መትቶ ክራሩን ኋላ መስማት ጣትን ግራ ያጋባል። ስለዚህ ስንጫወት በፈሩን ዝቅ፣ ስናቀናብር ከፍ እናደርጋለን፤ ተጫውተን የጨረስነውንም ክራር ወደ ተራ ድምፅ ለውጠን ፕሮሰሰሩን ከሂሳብ እናሳርፈዋለን። ዋይፋይ መዝጋትና ለድምፅ ሥራ የተሰናዳውን ድራይቨር መጠቀምም ይረዳል። ቀይ መብራት እያበራ የሚሰነጠቅ ድምፅ ግን ሌላ በሽታ ነው፤ መጠኑ ከልክ አልፏልና ዝቅ ማድረግ እንጂ በፈር አያድነውም።

ከሁሉ ያስቈጨን ሌላ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ ባስቀረጹት በዚያ ዓይነት የሸክላ ዲስክ ላይ የሚሰማው መንጣጣት ከጭረትና ከአቧራ የመጣ፣ በሸክላው ላይ ያለ ነው። የእኛው ግን በዘፈኑ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም። ኮምፒዩተሩ ዘፈኑን ወደ ፋይል ሲያወጣ የሚጠብቅ እንግዳ የለበትምና ጊዜ ወስዶ ሂሳቡን ይጨርሳል፤ የመጀመሪያውን ድምፃቸውን ይዘን አውጥተነው ቢሆን ኖሮ ንጹሕ ሆኖ በወጣ ነበር።

ሥራው ካለቀ በኋላ ወደ መርሳ ወረድን። የጆሮ ማዳመጫውን ከሻሻቸው በላይ አደረግንላቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። የተንጣጣው ክራሩ እንጂ ጕሮሮአቸው እንዳልነበረ ስንነግራቸው ሣቁ። «እንግዲያስ መጀመሪያ የመጣህ ዕለት ያልሁልህን አሰማኝ፤ ያን ዕለት ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር» አሉን። አጥፍተነዋል ብለን እስክንናገር ብዙ ቈየን።

«በል ውኃ አቀብለኝና ደግሜ ልበለው» አሉ። ማይክሮፎኑን ግን ወልድያ ትተነው መጥተን ነበር።