ስለ አንዲት የዘይት ጠብታ

ልጆች ሆይ፤ ትልቅ ጥፋት ከትንሽ ነገር እንደሚጀምር ከመጻሕፍት ተምሬአለሁ፤ ለእናንተም ብዙ ጊዜ አስተምሬአለሁ። ነገር ግን ያስተማርሁትን ራሴ የተማርሁት በአንድ አሮጌ መኪና ነው። ነገሩም እንዲህ ነው።

ቤተ ሰቤ የሚጓዝበት መኪና ካምቢዮው አውቶማቲክ ነው። በሌላው ዓይነት መኪና ነጂው ፍሪሲዮን እየረገጠ ማርሹን በእጁ ይለውጣል፤ በዚህ ግን ማርሹ ራሱን በራሱ ይለዋውጣል። እንዲህ ያለውን ካምቢዮ በብዛት ሠርቶ ለገበያ አስቀድሞ ያቀረበው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ነው፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የ1940 ዓመት ተብሎ በተሸጠው ኦልድስሞቢል ላይ ነው።

ይህ ካምቢዮ የሚሠራው በዘይት ነው። በውስጡ ያለው ፓምፕ ዘይቱን በኃይል ይገፋዋል፤ የተገፋውም ዘይት በካምቢዮው ውስጥ የተደረደሩትን ስስ ክብ ሰሌዳዎች አንዱን በአንዱ ላይ አጥብቆ ይጫናቸዋል፤ የሞተሩም ጉልበት በእነርሱ በኩል ወደ ጎማው ይደርሳል። ዘይቱ ሲጎድል ግን ፓምፑ አየር ይስባል፤ ግፊቱም ይደክማል፤ ሰሌዳዎቹም መያዝ ትተው ይንሸራተታሉ። እጅና እጅ ሲፋተጉ እንደሚሞቁ ሁሉ እነርሱም በመፋተግ ይግላሉ፤ በመጨረሻም ይቃጠላሉ።

አንድ ቀን ታማሚ እናቴን ለሕክምና ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ልወስዳት ማልደን ተነሣን። የዐሥር ዓመት ልጄ ከመኪናው ሥር ጎንበስ ብላ አየችና፥ «አባዬ፥ እዚህ ቀይ ነገር ይንጠባጠባል» አለችኝ። እኔም ቸኩዬ ነበርና፥ «ልጅ ስለ መኪና ምን ያውቃል? ይልቅስ ግቢ» ብዬ ገሠጽኋት። ደግሞም ማርሽ ሳስገባ መኪናው ጥቂት ዘግይቶ እንደሚነሣ ካወቅሁ ሰንብቼ ነበር፤ ነገር ግን ለገንዘቤ ሳስቼ ወደ ጋራዥ ሳልወስደው ቀረሁ።

ደጀንን አልፈን ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን፤ ድልድዩንም ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣውን ረጅም ዳገት ጀመርን። ከዳገቱ እኩሌታ ስንደርስ ሞተሩ እጅግ ጮኸ፤ መኪናው ግን አልሄድ አለ። ነዳጁን ብረግጥ ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ጎማው አይበረታም። ወዲያውም ቆመ፤ ጥቂትም ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከኋላችን ጭነት የያዘ ከባድ መኪና ይመጣ ነበር። ፍሬኑን በሙሉ ኃይሌ ረገጥሁ፤ የእጅ ፍሬኑንም ሳብሁ። እናቴ የልጄን እጅ አጥብቃ ይዛ ዝም አለች። የጭነት መኪናው ሾፌር በጊዜ ባይቆም፥ ረዳቱም ዘልሎ ወርዶ ከጎማችን ሥር ድንጋይ ባያኖር ኖሮ ምን ይደርስብን እንደ ነበር ማሰብ ያስፈራኛል።

ሾፌሩ በዕድሜ የጠና ሰው ነበረ። «እባክዎ፥ በገመድ ጎትተው ያውጡን» ብዬ ብለምናቸው፥ «ወንድሜ፥ ይህ አይጎተትም። ሞተሩ ካልሠራ ፓምፑም አይሠራም፤ ጎማው እንዲያው ቢዞር ካምቢዮው ያለ ዘይት ይፋጫል። በሌላ መኪና ላይ ተጭኖ ይሂድ» አሉኝ። ባለቤቴም እናቴንና ልጃችንን ይዛ በአላፊ ሚኒባስ ሄደች። የሐኪሙ ቀጠሮ ግን አለፈ፤ እናቴም ሌላ ቀጠሮ እስክታገኝ ድረስ ሁለት ሳምንት በሕመም ቈየች።

በአዲስ አበባ መካኒኩ መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቆመው። የመኪናው መጽሐፍ እንደሚያዝዘው ሞተሩን አስነሥቶ አሞቀው፤ ፍሬኑን ረግጦ ማርሹን በየስፍራው ቀስ አድርጎ አዛወረ፤ በመጨረሻም በማቆሚያው ላይ አኖረው። ከዚያም የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ ጠረገው፤ መልሶም አግብቶ አወጣው። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ነበረ፤ የጠራ ቀይ መሆን ሲገባው ጠቁሮ ነበር፤ እንዳረረ ወጥም ይሸት ነበር።

መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሥር ቢመረምር ዘይቱን ለማቀዝቀዝ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደው ጎማ ማሰሪያው ላልቶ አገኘው። «የኔታ፥ ይህን በጊዜው ለማጥበቅ አንድ ካቻቪቴ ይበቃ ነበር» አለኝ። «አዲስ ዘይት ብንጨምርበትስ?» ብለው፥ «አዲስ ዘይት የጎደለውን ይሞላል እንጂ የተቃጠለውን አይመልስም» አለ። እውነቱን ነበር። ካምቢዮው በተፈታ ጊዜ ሰሌዳዎቹ ከስለው ታዩ። እርሱም ሰሌዳዎቹንና የዘይቱን ማጣሪያ ለወጠ፤ ማሰሪያውን አጠበቀ፤ በመጽሐፉ የታዘዘውንም ዓይነት ዘይት እየለካ ጥቂት በጥቂት ሞላ፤ ከልክ ያለፈ ዘይት አረፋ ያወጣልና እርሱም ይጎዳል። እኔም የሁለት ወር ደመወዜን ከፈልሁ።

ገንዘቡ ግን ከሁሉ ያነሰው ነገር ነበር። በዚያው ማታ ልጄን ጠርቼ በእናቴ ፊት፥ «አንቺ አይተሽ ነገርሽኝ፤ እኔ ግን አልሰማሁም። ይቅር በይኝ» አልኋት። እርስዋም አንገቷን ደፍታ ጥቂት ቈየችና፥ «አባዬ፥ እንግዲህ ከመነሣታችን በፊት ሁልጊዜ ከሥር ልይልህ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ሥራ የእርስዋ ሆኖአል።

ልጆች ሆይ፤ እኔ የተናገረችውን ነገር ትቼ የተናጋሪዋን ዕድሜ መዘንሁ፤ በዚህም ተሳሳትሁ። እናንተ ግን ጥፋት ባያችሁ ጊዜ በትሕትና ተናገሩ፤ ታናሽም ቢነግራችሁ ስሙ፤ ዛሬ የሚስተካከለውን ለነገ አታሳድሩ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለዚህ ነው።