ያልታመመ ዐይን ቀጠሮ

ልጅ ካላለቀሰ ጡት አይሰጠውም ይባላል። እኔም አባት ከሆንኩ ወዲህ የተዳደርኩት በዚሁ ሕግ ነው፤ ስታለቅስ አባብላለሁ፣ ሲያማት ሐኪም ቤት እሮጣለሁ። ለዚህ ሕግ የማይገዛ በሽታ መኖሩን ያወቅሁት በልጄ ጉልበት ሰበብ ነው።

የ3 ዓመት ልጅ ነበረች። ጠዋት ከአልጋዋ ስትወርድ ታነክሳለች፤ ረፈድ ሲል ትሮጣለች። አያቷ «ወድቃ ይሆናል፣ ወጌሻ ይያት» አሉ። እብጠቱ ግን ከ6 ሳምንት በላይ ቆየ። ሐኪሙ መርምረው የልጆች የመገጣጠሚያ ብግነት መሆኑን ነገሩን። ቁርጥማት የሽማግሌ በሽታ ብቻ ይመስለን ነበር። ቀጠሉና «ዐይኗንስ አሳይታችኋል?» ሲሉ እኔና ባለቤቴ ተያየን። ጉልበትንና ዐይንን ምን አገናኛቸው? ወለል ላይ የወደቀች መርፌ እንኳ ፈልጋ የምታነሣልን እሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ በሽታ ከያዛቸው ልጆች ከ10 አንዱ፣ በአንዳንድ ጥናት ደግሞ ከ5 አንዱ፣ የዐይኑ ውስጠኛ ክፍል ይቆጣል። ሐኪሞች ዩቪአይተስ ይሉታል። ክፋቱ ዝምታው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፣ አያቀላም። ሕፃን ደግሞ ዕይታው ቢደበዝዝ ዓለም እንዲሁ ናት ብሎ ይቀበላል። ወላጅ እስኪነቃ ድረስ ሞራ ወይም ግላኮማ ሊከተል ይችላል።

ታዲያ ማንን እንደሚይዝ በምን ይታወቃል? ሐኪሙ አልጠነቆሉም፤ ቆጠሩ። በሽታው የጀመራት 7 ዓመት ሳይሞላት ነው። የታመሙት መገጣጠሚያዎች ከ5 ያነሱ ናቸው። በደሟ ኤኤንኤ የተባለው ፀረ አካል ተገኝቷል። ከታመመችም 4 ዓመት አልሞላትም። ይህ ሁሉ ሲደመር «በየ3 ወሩ» የሚል ቀጠሮ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መመሪያም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ስጋቱ ዝቅ ላለ ልጅ በየ6 ወይም በየ12 ወሩ ይበቃል።

አያቷ አልወደዱትም። «ደኅና ልጅ ሐኪም ቤት ማመላለስ ሟርት ነው» አሉ። የታክሲውም፣ ከሥራ የመቅረቱም ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ቁጥሩ ትታመማለች አላለም፤ አትታመምም ብሎም አላጽናናንም። የነገረን መቼ መታየት እንዳለባት ብቻ ነው።

በ6ኛው ቀጠሮ፣ ጉልበቷ ድኖ ገመድ መዝለል በጀመረችበት ወቅት፣ የዐይን ሐኪሟ ስሊት ላምፕ በተባለው መሣሪያ ሲያዩ በግራ ዐይኗ ውስጥ የብግነት ሴሎች አገኙ። ጉልበት ዳነ ማለት ዐይን ዳነ ማለት አይደለም ለካ! ጠብታ ተጀመረ፤ ቆይቶም ሜቶትሬክሴት ተጨመረ። ዛሬ በሁለቱም ዐይኖቿ ታነባለች።

በዚያ ሁሉ ጊዜ ልጄ አንድም ቀን «ዐይኔን» አላለችም። አያቷም አሁን የቀን መቁጠሪያውን እየገለጡ «ቀጠሮዋ ደረሰ እኮ!» የሚሉን እሳቸው ሆነዋል።