ዝቅ ያለው ጎን

እኔ መካኒክ ነኝ። የተወለድኩት ከደብረ ብርሃን አጠገብ በገጠር ነው። ሙያዬን የተማርኩት ግን አዲስ አበባ፣ ውቤ በረሃ ነው። ውቤ በረሃ በስሙ እንጂ በረሃ አይደለም። ከፒያሳ አጠገብ ያለ የቆየ የአራዳ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ነው። በአንድ ዘመን ሰፈሩ በሌሊት ጭፈራ ይታወቅ ነበር። እኔ የማስታውሰው ግን የመዶሻ ድምፅ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ በ1986 ዓ.ም. በአንድ ትንሽ ጋራዥ ውስጥ የሆነውን ነው።

አንድ መምህር አሮጌ ቮልስ ነበራቸው። ቮልስ ጀርባዋ ክብ፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነ የጀርመን መኪና ናት። በ1995 ዓ.ም. የመጨረሻዋ ሜክሲኮ አገር ተሠርታ ምርቷ ቆመ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ግን እስከ ዛሬ ትታያለች።

የመምህሩ መኪና የኋላ ጎሚኒዎቿ አልቀው ነበር። ጎሚኒ ማለት በብረትና በብረት መሀል የሚገባ ላስቲክ ነው። አለቃችን ሥራውን ለሁለት ከፈለው። ግራውን ለእኔ ሰጠኝ። ቀኙን ለትንሹ ረዳት ሰጠው። ልጁ ከመጣ ገና 3 ወሩ ነበር። የሚያድረውም እዚያው ጋራዡ ውስጥ ነበር።

ሥራው አልቆ መኪናዋን ስናወርዳት ከኋላ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ጭነቱ የዘመመበት አህያ መሰለች። መምህሩ ዞር ዞር ብለው አዩና፣ «መኪናዬን አንካሳ አደረጋችኋት» አሉ።

አለቃችን ተቆጣ። «ቀኙን ማን ሠራው?» አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። «ነገ ጠዋት ዕቃህን ሰብስበህ ሂድ» አለው።

እኔ ዝም አልኩ። የእኔ ጎን ከፍ ብሎ ቆሟል። ማንም አልጠየቀኝም። ነገር ግን አንድ ነገር ውስጤን ይከነክነኝ ነበር። ዘንጉን መልሼ ስገጥም ቸኩዬ ነበር። ከመፍታቴ በፊትም ምልክት አላደረግሁም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ አለቃችንን፣ «ጋሼ፣ ልጁ ከመሄዱ በፊት መኪናዋን እንለካት» አልኩት። «እሺ፣ ለካ» አለ።

መጀመሪያ መሬቱን አየን። ግቢያችን ተዳፋት ነበር። ስለዚህ መኪናዋን ሜዳ ቦታ አቆምናት። ከዚያም ፊቷን አዙረን አቆምናት። ጥፋቱ የመሬቱ ቢሆን ኖሮ፣ ስትዞር ዝቅ ያለው ጎን ይለወጥ ነበር። አልተለወጠም።

ሁለተኛ ጎማዎቹን አየን። የኋላዎቹ መጠናቸውም ነፋሳቸውም እኩል ነው።

ሦስተኛ መኪናዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋናት። አሮጌ ቮልስ በክሪክ ተነሥታ ስትወርድ፣ የኋላ ጎማዎቿ ከሥር ወደ ውስጥ ገብተው ይቆያሉ። ጥቂት ሳትሄድ ብትለካ ልኩ ይዋሻል።

አራተኛ፣ ችግሩ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ? ይህን ለማወቅ ክሪኩን ከፊት በኩል፣ ልክ መሀሏ ላይ አደረግን። የፊት ጎማዎቿ መሬት እስኪለቁ ድረስ ብቻ አነሣናት። መኪናዋ እንደ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ቆመች። ሁለቱ ጉልቻ የኋላ ጎማዎች ናቸው። ሦስተኛው ክሪኩ ነው። እንዲህ ስትቆም የፊት ጥፋት ኋላዋን ሊያዘነብለው አይችልም። እሷ ግን እንዳዘነበለች ነበረች። ስለዚህ ነገሩ ከኋላ ነው።

አምስተኛ፣ ዓይነቷ አንድ የሆነ ሌላ ቮልስ በግቢው ነበረች። እሷንም እንዲሁ አቁመን፣ ሁለቱንም ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካን። ልኩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፍኩ። የቀኙ ልክ ከሌላኛዋ ጋር እኩል ሆነ። የግራው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ በለጠ።

ዝቅ ያለው ጎን ትክክል ነበር። የተሳሳተው ከፍ ያለው ነው። ከፍ ያለው የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቮልስ የኋላ ክብደት በባሌስትራ ወይም በሞላ ላይ አያርፍም። ከሆዷ ሥር በተጋደመ ቱቦ ውስጥ፣ በየጎኑ አንድ የብረት ዘንግ አለ። ዘንጉ እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠመዘዛል፤ መልሶም ይገፋል። የውስጠኛው ጫፍ 40 ጥርስ አለው። የውጭኛው ጫፍ 44 ጥርስ አለው፤ ጎማውን የያዘው ክንድ የሚገጠመውም በእሱ ላይ ነው። እኔ ክንዱን በ1 ጥርስ አሳስቼ ገጠምኩት። አንዲት ጥርስ ትንሽ ናት። ነገር ግን በርን አስቡ። በማጠፊያው በኩል ጥቂት ሲንቀሳቀስ፣ በጫፉ በኩል ብዙ ይሄዳል።

አለቃችን ግድግዳውን አየ። እኔን አየ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትናንትም ጠርጥሬ ነበር» አልኩ። ልጁ በረንዳው ላይ ዕቃውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ሰማኝ።

አለቃችን ልጁን አስቀረው። የዚያን ሳምንት ደመወዜንም ለእሱ ሰጠው። እኔ ግራውን እንደገና ፈታሁ። በዚህ ጊዜ ልኩን ጻፍኩ፣ ምልክትም አደረግሁ። መኪናዋ ተስተካክላ ቆመች። መምህሩ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ልጁ ግን ለብዙ ቀን አላናገረኝም። እውነቱን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ያ ጋራዥም ዛሬ የለም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት ግን የሌላ ሰው እንጀራ ሊሆን ነበር። ስለዚህ ጭነት ሲዘም ዝቅ ያለውን ጎን ብቻ አትዩ። ከፍ ያለውንም ለኩ።